ኬላውን ያለፈው ብረት፦ ከጉበት ሻንት በኋላ ስለሚደክም ልብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ 61 ዓመታቸው ነው። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው ጠባሳ ይዟል፣ ማለትም ሲሮሲስ አለባቸው። ከ9 ዓመት በፊት ደም ደጋግሞ ሲያስመልሳቸው ህንድ አገር ሄደው የሻንት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ጣፊያቸውም በዚያው ወጣ። በዚያ ሰሞን 8 ከረጢት ደም ተሰጥቷቸዋል። ለደም ማነሱ የብረት ኪኒን ታዘዘላቸው። ኪኒኑን ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ከአሜሪካ ትልካለች፤ አንድም ቀን አቋርጠው አያውቁም።

አሁን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። ልባቸው ያለ ሥርዓት ይመታል። በደም ምርመራ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) 3,180፣ የትራንስፈሪን (ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን) ሙሌት 88 በመቶ፣ ሄሞግሎቢን 13.4 ተብሏል። «አንዱ ሐኪም የልብ ነው አለ። ሌላው የጉበት ነው አለ። ጎረቤት ደግሞ ብረቱ መብዛቱ ደማቸው ሞልቷል ማለት ነው፣ ደስ ይበላችሁ ይላል። ማንን ልመን? ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል፤ ሁለት ጠርሙስ ገዝቻለሁ። ልላክ ወይስ ይቅር?» ትላለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትላኪ። ዛሬውኑ ደውለሽ አባትሽ የብረት ኪኒኑን እንዲያቆሙ ንገሪያቸው። ብረት በአንድ ጊዜ ቢቆም ጉዳት የለውም፤ ቀስ እያሉ መቀነስ አያስፈልገውም። ሌሎቹን መድኃኒቶች ግን ማንም እንዳይነካ። በተለይ የሄፓታይተስ ቢውን፣ ቴኖፎቪርም ይሁን ኢንቴካቪር፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ። እሱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ያገረሽና የቀረውን ጉበት ሊጥለው ይችላል።

ቀጥሎ ሁለቱ ሐኪሞች። ሁለቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የአባትሽ ችግር ከጉበት ተነስቶ ልብ ላይ የደረሰ ይመስላል። እንዴት እንደሚደርስ በደንብ ላስረዳሽ፤ ምክንያቱም ነገሩን ካወቅሽ የሚቀጥሉትን ምርመራዎች መጠየቅ የምትችይው አንቺ ነሽ።

ከአንጀት የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ፖርታል ቬይን በሚባል ትልቅ ደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት እንደ ኬላ ነው። የበላነው የጠጣነው ሁሉ እዚያ ይፈተሻል፤ መርዙ ይቀራል፣ የሚቀመጠው ይቀመጣል። በሲሮሲስ ጊዜ ጉበቱ ይጠጥርና ደሙ አላልፍ ይላል። ወደ ኋላ ይገፋል። በጉሮሮና በጨጓራ ዙሪያ ያሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች እንደ ፊኛ ይነፋሉ። አንድ ቀን ይፈነዳሉ። አባትሽን ደም ያስመለሳቸው ይህ ነው።

ሻንት ማለት ኬላውን የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ነው። ሐኪሙ የታመቀውን ደም ሥር ወደ ልብ ከሚመለስ ሌላ ደም ሥር ጋር ይሰፋዋል። ግፊቱ ይቀንሳል፣ መድማቱ ይቆማል። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ኤክ የሚባል የሩሲያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1877 በውሾች ላይ ሞክሮታል። በሰው ላይ በሰፊው የተሠራው ኒውዮርክ ላይ ዊፕል የሚባለው ቀዶ ሐኪም በ1945 ውጤቱን ካሳወቀ በኋላ ነው። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ሆድ ሳይከፈት በአንገት ደም ሥር ገብቶ የሚሠራው አለ፤ ቲፕስ ይሉታል። የአባትሽ ጣፊያ አብሮ ስለወጣ የጣፊያው ደም ሥር ከኩላሊት ደም ሥር ጋር የተሰፋ ይመስለኛል። ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን አትርፏል። እሱ ላይ ጥርጣሬ አይግባሽ።

ዋጋው ግን አለ። ሻንት ከተሠራላቸው የሲሮሲስ ሕሙማን በአንዳንዶቹ ብረት በጉበትና በሌሎች አካላት እንደሚከማች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል።

እንዴት መሰለሽ? ሰውነታችን ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢደመር ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። በቀን የሚገባው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ የሚወጣውም ያንኑ ያህል ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሰውነት ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት በር የለውም። ጨው ቢበዛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ብረት እንዲህ አይደለም። አንዴ ከገባ ገባ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ያለው መግቢያው ላይ ነው።

መግቢያውን የሚቆጣጠረው ጉበት ነው። ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ብረት ሲበቃ ሄፕሲዲን ወደ አንጀት ይሄድና «በቃ፣ ዝጉ» ይላል። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ነገር የገባን ከዚያ በኋላ ነው። የተጎዳ ጉበት ሄፕሲዲን በበቂ አይሠራም። «ዝጉ» የሚል ሲጠፋ አንጀት በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ሻንቱ ደግሞ ከአንጀት የተነሳው ደም ጉበትን ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል።

በዚህ ላይ ኪኒኑን ጨምሪበት። ጠርሙሱ አጠገብሽ ስላለ ጀርባውን አዙረሽ አንብቢ። ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ከዚያ ውስጥ ንጹህ ብረቱ 65 ሚሊግራም ነው። በሩ በተከፈተ አንጀት ከ65ቱ 5 ሚሊግራም ትርፍ ሆኖ ገባ እንበል። በዓመት 1.8 ግራም ነው። በ9 ዓመት ከ16 ግራም በላይ። ይህ ለማሳያ ያህል የሠራሁት ሒሳብ ነው፤ የአባትሽ ልክ ይኸው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳይሻል። 8ቱ ከረጢት ደምም አለ፤ እያንዳንዱ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጥፋቱን ራስሽ ላይ እንዳታደርጊው። ኪኒኑ ሲጀመር ትክክል ነበር። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ብረት ያስፈልገዋል። ስህተቱ ማቆሚያ ቀን አለመጻፉ ነው። ደሙ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ወር ያህል ተጨምሮ፣ ፌሪቲን ተለክቶ መቆም ነበረበት። በሥራዬ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። አንድ ሐኪም ይጀምራል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው «ቫይታሚን ነው፣ አይጎዳም» ይላል። ልጅ ደግሞ በፍቅር ይልካል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ደግሞ አልቆጠረም።

አሁን ወደ ልብ። በደም ውስጥ ብረትን ተሸክሞ የሚዞረው ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። 88 በመቶ ሙሌት ማለት ታክሲው ወንበሩ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል ማለት ነው። ወንበር ያጣው ብረት ብቻውን ይዞራል። ብቻውን የሚዞር ብረት የልብ ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲየም በሚገባበት መንገድ ሾልኮ ነው የሚገባው። ከገባ በኋላ የልብን ሕዋስ ከውስጥ ያቃጥላል። መጀመሪያ ልቡ ይደርቅና በደንብ መዘርጋት ያቅተዋል። በኋላ ይለጠጥና መጭመቅ ያቅተዋል። ኤሌክትሪኩም ይዛባል፤ አባትሽ ልቤ ያለ ሥርዓት ይመታል የሚሉት አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ደማቸው ሞልቷል» ለሚለው ጎረቤት እንዲህ በይው፦ ደም መሙላቱን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ነው፤ 13.4 ደህና ነው። ፌሪቲን ግን የመጋዘኑ ቁጥር ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ወደ ጓዳው እየፈሰሰ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። ፌሪቲን ብቻውን አይፈርድም። ጉበት ሲቆጣ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር፣ መጠጥ ሲኖርም ይጨምራል። ትራንስፈሪንን የሚሠራው ደግሞ ያው ጉበት ነው። ጉበት ሲደክም ታክሲዎቹ ራሳቸው ያንሳሉ፤ ሙሌቱ ከእውነቱ በላይ ሊመስል ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይህን ያህል ሲወጡ በጣም አጠራጣሪ ነው፤ ማስረጃው ግን ኤምአርአይ ነው። ቲ-ቱ-ስታር የሚባል ልኬት አለ። ብረት የሞላው ጉበት በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጤነኛው ግራጫ ነው። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ለልብ ቁጥር ይወጣለታል፦ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ልብ ውስጥ ብረት አለ ማለት ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ልቡ የመድከም አደጋው ከፍ ያለ ነውና ሕክምናው ለነገ አይባልም። ኤምአርአይ ያለበት ሁሉ ይህን ልኬት አይሠራም። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ «የልብና የጉበት ብረት ልኬት ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተገኘ ሕክምናው እሱን እየጠበቀ እንዳይዘገይ።

ኤምአርአዩ እስኪገኝ በዚህ ሳምንት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሱ። ኢኮውን የማሳስብሽ ለሌላ ምክንያትም ነው። አባትሽን ሊያደክማቸው የሚችለው ብረት ብቻ አይደለም። ሻንቱ ራሱ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጨምራል፤ ልብ ለዓመታት ትርፍ ሥራ ሲሠራ ይኖራል። ሌላም አለ። የሆድ ደም ሥር ግፊት የቆየባቸው አንዳንድ ሰዎች የሳንባ ደም ሥራቸውም ግፊት ያበጃል፤ የቀኝ ልብ ይደክማል፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ኢኮ የሚሠራው ሐኪም «የሳንባ ደም ሥር ግፊቱ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። የእግር እብጠቱ ከጉበቱም ሊሆን ይችላልና አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) እና የሆድ አልትራሳውንድም ይታይ፤ ያን ጊዜ ሻንቱ ክፍት መሆኑንም ያዩታል።

ብረቱ ከተረጋገጠ ማስወጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ደም ማስቀዳት ነው። ግማሽ ሊትር ደም ሲቀዳ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አብሮ ይወጣል። አጥንት መቅኒው አዲስ ደም ለመሥራት ከመጋዘኑ ብረት ይስባል፤ መጋዘኑ ይጎድላል። ለአባትሽ ግማሽ ሊትር በአንዴ አልመክርም። ልብም ጉበትም የደከመ ሰው ስለሆኑ ሐኪማቸው በትንሽ በትንሹ፣ ግፊታቸውንና ሄሞግሎቢናቸውን እያየ ቢጀምር ይሻላል። 10 ግራም ብረት ካለ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ግማሽ ሊትር መቅዳት ማለት ነው፤ በትንሽ በትንሹ ሲሆን ከዓመት በላይ ይወስዳል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ሄሞግሎቢናቸው 13.4 መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ይህ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው።

ስናወራ አንድ ሰው «እንግዲያው ዋግምት ይደረግላቸው» ማለቱ አይቀርም። አይደረግም። ብረት የሚያጎድል መጠን አይወጣበትም። የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ የተነካበት ምላጭ ደግሞ ለሌላው ሰው አደጋ ነው። የሚቀዳው ደምም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ሆስፒታል ውስጥ ተቀድቶ ይወገዳል።

ሁለተኛው መንገድ ብረትን ይዞ የሚያወጣ መድኃኒት ነው። ልቡ በጣም ደክሞ ከተገኘ ደም መቅዳትን ላይችለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ይህ ይቀድማል። ዲፈሮክሳሚን የሚባለው በመርፌ ቀስ እያለ ለሰዓታት የሚገባ ነው። የሚዋጡም አሉ። ዲፈራሲሮክስ ግን ለከባድ የጉበት ሕመምና ደም ለመድማት ለተጋለጠ ሰው አይሆንም፤ ሰው አገኘሁ ብሎ ከውጭ ገዝቶ እንዳይልክላቸው። ዲፈሪፕሮን ልብን ይረዳል፤ ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋስን በድንገት ሊጥል ስለሚችል የደም ምርመራ በየሳምንቱ ይፈልጋል። ይህን የሚወስነው የደም ሐኪም ነው። የልብ፣ የጉበትና የደም ሐኪሞቹ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ለልብ ድካም በብዛት የሚታዘዙ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ኢናላፕሪል፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ለያዘ የጉበት ሕመምተኛ ኩላሊት ይጎዳሉ። የልብ ሐኪሙ የጉበቱን ታሪክ ካላወቀ በቅን ልቦና ሊጽፈው ይችላል።

ተስፋውን ደግሞ ልንገርሽ። በብረት የደከመ ልብ ከብዙዎቹ የልብ ድካም ዓይነቶች በአንድ ነገር ይለያል። በጊዜ ከተደረሰበትና ብረቱ ከወጣ ልቡ ሊያገግም ይችላል። ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ የደም ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። ጠባሳው ሳይጠና መድረስ ነው ቁም ነገሩ።

ስለ ምግብ ብዙ ትጨነቂያለሽ፤ ገና ሳትጠይቂኝ አውቄዋለሁ። እንጀራ አትከልክያቸው። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ አብዛኛው አይገባም። ሽሮና ምስርም እንዲሁ ብረታቸው በቀላሉ አይገባም። በቀላሉ የሚገባው የቀይ ሥጋ ብረት ነው። ስለዚህ ጉበትና ቀይ ሥጋ ይቀንሱ፤ ፕሮቲናቸውን ከእንቁላል፣ ከአይብ፣ ከዶሮ፣ ከጥራጥሬ ያግኙ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ፕሮቲን ካነሰው ጡንቻው ያልቃልና ጾም ሲመጣ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ብረትን ያግዳሉ። ብዙ ሰው ከምግብ ጋር ሻይ አትጠጡ ሲባል ሰምቷል፤ ለአባትሽ ግን ጥሩ ነው፣ ይጠጡ። የቫይታሚን ሲ ኪኒን ግን በፍጹም። ብረት በሞላበት ሰውነት ልብን ሊያውክ ይችላል፤ ብዙ የብረት ኪኒኖች ደግሞ አብሮ ያለበት ናቸው። ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄ፣ ቢራ፣ ሁሉም ይቅር። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎም ሆነ ቁርጥ፣ ይቅር። ብረት የበዛበት ሰውነት ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ድግስ ነው፤ ጣፊያም የላቸውም። ወደ አንቺ ሲመጡም ጥሬ የባሕር ምግብ እንዳይቀምሱ። ለሕመም ዳይክሎፊናክና አይቡፕሮፌን አይወሰዱም።

ስኳራቸው ይለካ። ብረት ቆሽትንም ይጎዳል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደም መቀዳት ሲጀመር ሊያሳስት ስለሚችል በባዶ ሆድ የሚለካው ይሻላል።

ስለ ሰገራ ማውራት አያሳፍረን። የብረት ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል። ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ሲያዩ ኖረዋል፤ ለምደውታል። ኪኒኑ በቆመ በሳምንት ገደማ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከታየ ከውስጥ እየደሙ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደም ካስመለሳቸው፣ ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ወይም ቀን እያንቀላፉ ሌሊት ነቅተው መዘባረቅ ከጀመሩም እንዲሁ። ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይታደር፤ ጣፊያ ለሌለው ሰው ትኩሳት የሰዓታት ጉዳይ ነው። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት መውሰዳቸውንም አጣሪ።

ይህ ወደ እናንተ ወደ ልጆቹ ይተላለፍ እንደሆነ አስበሽ ይሆናል። በፈረንጆች ዘንድ የታወቀው በዘር የሚመጣ የብረት ክምችት ጠባይ በእኛ አካባቢ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአባትሽም በቂ ምክንያት አለን። ሄፓታይተስ ቢው ግን ይመለከታችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት ክትባቱ በመደበኛነት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አንቺም ወንድምሽም እናታችሁም ተመርመሩ፤ ነጻ የሆነው ይከተብ።

ወንድምሽ የሚሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብለሻል። ሁለቱን ጠርሙሶች ከሻንጣው አውጪያቸው። በቦታቸው ጥሩ ዲጂታል ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ አስገቢ። አባትሽ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑና በደብተር ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ይደውሉ። ወንድምሽ እዚያ እያለ ደግሞ ከኢኮው ጋር አብሮ ይግባ፤ የፌሪቲኑን ወረቀትና የህንዱን የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያ ይዞ።